ግራ ትከሻው የዘመመ ጃኬት

የአብራሪ ጃኬት እንደምሰፋ የሰማ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ለመሆኑ ያን ያህል ያወጣል?» ይሉኛል። ጎረቤት ይጠይቀኛል፣ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ይጠይቀኛል፣ ጥርሴን የነቀለልኝ ሐኪም እንኳ አፌን በጥጥ ወጥሮ ጠይቆኛል። ድሮ እየሳቅኩ እመልስ ነበር። አሁን ግን ጥያቄውን ስሰማ ቱግ እላለሁ። መልሱን ለመስጠት ስለ እህቴ ባል መናገር አለብኝ፤ ስለ እሱ ስናገር ደግሞ ደሜ ይፈላል። ጃኬቱን አሁንም እሰፋለሁ። ምን ላድርግ፣ የቤት ኪራይ በንዴት አይከፈልም።

የእህቴን ባል ጋሼ ነው የምለው። ሰፈሩ ግን «ፓይለቱ» ይለዋል። በሕይወቱ አውሮፕላን ተሳፍሮ አያውቅም፤ ሁለተኛ ፎቅ ከወጣም ግድግዳ ይዞ ነው የሚሄደው። ዕድሜውን የፈጀው በጫኝና አውራጅነት ነው። ከመኪና ላይ ጆንያ ተቀብሎ መጋዘን ያስገባል፣ ከመጋዘን አውጥቶ መኪና ላይ ይጭናል። ሲሚንቶ፣ ስኳር፣ ጨው፣ ሽንኩርት፣ ምስማር በሳጥን፣ ያልተሸከመው ነገር የለም። ሁሉንም በግራ ትከሻው። «ቀኙን ለማን አስቀምጠህ ነው?» ስለው «ቀኙ የእህትሽ ነው፤ ሲሚንቶ ካስለመድኩት ይሻክራታል» ይለኝ ነበር። እህቴ ይህን ስትሰማ ያገኘችውን ትወረውርበታለች። ታዲያ ሁልጊዜ እጇ ላይ የሚገኘው ትራስ ነው።

ያ ሁሉ ጆንያ ምልክቱን ትቶበት ነው የሄደው። ግራ ትከሻው ከቀኙ ወረድ ብሏል፤ ከአንገቱ ሥር ደግሞ መዳፍ የሚያሳርፍ ጎድጓዳ አለ። ሲራመድ አንገቱን ወደ ፊት ቀደም አድርጎ፣ ግራ ክንዱን ከጎኑ ትንሽ አርቆ ነው፤ ባዶ እጁን ሲሄድም የሆነ ነገር የተሸከመ ይመስላል። ታላቅ እህቴ፣ እትዬ ነው የምላት፣ ሰው በሚጋፋበት ገበያ መሃል ከጀርባው ለይታ ታውቀዋለች። ሲመሽ ከሥራ ሲገባ ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ታስቀምጠውና ያችን ጎድጓዳ በቅባት ታሽለታለች። እያሸች ትሰድበዋለች፣ እሱም እየተሰደበ ያንቀላፋል። እኔ ያላገባሁት እንዲህ የሚያንቀላፋ ስላጣሁ ነው።

አንድ ቀን ታዲያ ወገቡ እምቢ አለ። ጆንያ እንደያዘ ተንበርክኮ መነሳት አቃተው፤ ጓደኞቹ እሱን ራሱን ተሸክመው አመጡት። ሐኪሙ ከውኃ ባልዲ የከበደ ነገር እንዳያነሳ ነገረው። ጋሼ ቤት ዋለ። ዕድሜውን ሙሉ ውጭ የዋለ ሰው ቤት ሲውል ምን እንደሚሆን ያየ ያውቀዋል። ያልተበላሸ በር ፈትቶ ጠገነ። ማንኪያዎቹን በቁመታቸው ደረደራቸው። እትዬ ሽንኩርት ስትከትፍ አጠገቧ ቆሞ «ወፍራም ሆነ» ይላታል። አንድ ቀን እኔ ዘንድ መጥታ ደረቷን እየደቃች፣ «ወይ ለእሱ ሥራ ፈልጊለት፣ ወይ ለእኔ ሌላ ቤት ፈልጊልኝ» አለችኝ።

እኔ የምሠራበት ወርክሾፕ ከመጋዘኖቹ ጀርባ ያለ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ረጅም ቤት ነው። ድሮ በትልቁ ጦርነት ጊዜ አብራሪዎች ሰማይ ላይ እንዳይበርዳቸው ይለብሱት የነበረውን የቆዳ ጃኬት አስመስለን ነው የምንሠራው። የፈረስ ቆዳ፣ አንገቱ ላይ የበግ ፀጉር፣ የናስ ዚፕ፣ ከወገቡና ከእጅጌው ጫፍ ሹራብ። ባለቤቱ የዚያን ዘመን ጃኬት ከየትም ፈልጎ ገዝቶ፣ ስፌቱን ፈትቶ፣ አንድ በአንድ አጥንቶ ነው ቅዱን ያወጣው። «ኦርጅናሉ እንዲህ ነው» ሳይል አይውልም። የክር ቀለም ስንቀይር «ኦርጅናሉ እንዲህ አይደለም» ይላል። ሽንት ቤት ከቆየን «የኦርጅናሉ ሰፊዎች እንዲህ አይቆዩም ነበር» ይላል። ስለዚህ ስሙን ኦርጅናል አልነው። ቅጂ እየሸጠ የሚኖር ሰው በዚህ ስም ሲጠራ ደስ ይለዋል፤ ስድብ መሆኑ አልገባውም።

የጃኬቱን ዋጋ መጀመሪያ የሰማሁ ቀን መርፌውን ጣቴ ላይ ሰክቼዋለሁ። አንዱ የእኔን የብዙ ወር ደሞዝ ይውጣል። ግን እውነቱን እንነጋገር፤ ሥራው የውሸት አይደለም። ቆዳው ጥሩ ቆዳ ነው፣ ክሩን በሰም እናሸዋለን፣ የተጣመመ ስፌት ካለ ኦርጅናል ራሱ ቁጭ ብሎ ያስፈታናል። በደንብ የያዘው ሰው ለልጁ ያወርሰዋል። የዋጋውን ግማሽ ብለው ቢጠይቁኝ አፌን ሞልቼ ያወጣል እላለሁ። የሚያንገበግበኝ ሌላው ግማሽ ነው።

ገዢዎቹም ጉደኞች ናቸው። እኔና እናንተ ልብሳችን ሲያረጅ እናፍራለን፤ እነሱ አዲስ ጃኬት ያረጀ እንዲመስልላቸው ጨምረው ይከፍላሉ። መጀመሪያ በድንጋይ እያሸን አስረጀናቸው። ከዚያ በአሸዋ ሞከርን። አጉሊ መነጽር ይዘው የሚመጡ ደንበኞች አሉ፤ እነሱ አዩትና «ይሄ የድንጋይ ነው» ብለው ወረወሩት። ኦርጅናል ሲያስብ ሰንብቶ አንድ ጠዋት ሁላችንንም ሰበሰበን።

«ሰው ነው የሚያስፈልገን» አለ። «ከጠዋት እስከ ማታ ጃኬት የሚለብስ ሰው። ቆዳ በሰው ገላ ሙቀት ካልታጠፈ ኦርጅናል አይሆንም።»

እጄን አወጣሁ። ለጋሼ ስነግረው ግን አላመነኝም።

«ሥራው ምንድን ነው?» አለኝ።

«መልበስ።»

«ከለበስኩ በኋላስ?»

«እንደለበስክ መዋል።»

«ለለበሰ የሚከፈል ከሆነ የእስካሁኑን ማን ይከፍለኛል?» አለ። እትዬ ከወራት በኋላ ያን ቀን ሳቀች።

በጋ ነበር፤ ቆርቆሮው ሥር እንደ ምድጃ ይግላል። እኛ ሰፊዎቹ ቀጭን ልብስ ለብሰን በወረቀት እያራገብን እንሠራለን፣ ጋሼ የፈረስ ቆዳና የበግ ፀጉር ለብሶ ዚፑን እስከ ደረቱ ዘግቶ ይቀመጣል። ክርኑ ላይ በትክክል እንዲታጠፍ ጉልበቱ መካከል የመጥረጊያ እንጨት ተክለንለት፣ የአውሮፕላን መሪ እንደያዘ በሁለት እጁ ጨብጦት ይውላል። በየመሃሉ ይነሳል፣ ይዞራል፣ ይቀመጣል። ላቡ በጆሮ ግንዱ ሲወርድ ከኪሱ መሃረብ አውጥቶ በጥንቃቄ ያብሳል፤ ቅባት ያለው ምግብ መብላት፣ ግድግዳ መደገፍ፣ በዝናብ መነካት ክልክል ነው። ቆየት ብሎ ኦርጅናል «ኑሮ ይግባበት» አለና ቤቱም ለብሶት እንዲሄድ ፈቀደለት። ፓይለቱ የሚል ስም የወጣለት ያኔ ነው።

«ፓይለት! ዛሬ በረራ የለም እንዴ?» ይሉታል ከሰፈሩ ሱቅ በር ላይ የተቀመጡት።

«ሰማዩ አልተጠረገም። ነገ ሞክሩኝ» ይላቸዋል፣ ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀልቶ።

እትዬ ጃኬቱን ስታወልቅለት ጀርባው በሙቀት ሽፍ ብሎ ታገኘዋለች። በእርጥብ ፎጣ እያበሰች «አንተ ሰው፣ በዚህ ሐሩር በግ ለብሰህ ስትዞር አታፍርም?» ትለዋለች። እሱ ግን ኩራት ገብቶታል። ወገቡ ከተጎዳ ወዲህ የማይረባ ሰው ሆንኩ ብሎ ነበር፤ አሁን ጠዋት የሚጠብቀው ሥራ አለው። ሥራውንም ወደደው። ገዢዎችም እሱ የለበሳቸውን፣ ያችን የዘመመች ትከሻ እየወደዱ፣ ጨምረው ይገዟቸው ጀመር። ማታ ማታ በዋጋው እንጨቃጨቃለን። እኔ ዘረፋ ነው እላለሁ። እሱ እጅጌውን ወደ መብራቱ አስጠግቶ፣ «እስቲ ይሄን ተመልከቺ። አንቺ ሰፍተሽዋል፣ እኔ ኖሬበታለሁ። ያወጣል!» ይላል። ክርክሩን የሚዘጋው ሁልጊዜ በዚህች ቃል ነው። ያወጣል።

ኦርጅናልም አንድ ቃል ገባለት። በጋው ሊያልቅ ሲል አንድ ትልቅ ትዕዛዝ መጣ። ጃኬት መሰብሰብ ሥራው የሆነ ሀብታም ደንበኛ፣ ለጃኬቶቹ ብቻ አንድ ክፍል አለው የሚባል፣ በደንብ የተለበሰ አንድ ጃኬት ይፈልጋል። ኦርጅናል ጋሼን ጠርቶ በእኔ ፊት እንዲህ አለው፤ «ይሄን በጋውን የለበስከውን ጥሩ አድርገህ አውጣልኝ፤ ከዚያ ከለበስካቸው አንዱ ያንተ ነው። ብርዱ ሳይገባ ትወስደዋለህ።» ጋሼ አመሰገነ። ቤቱ ገብቶ ለእትዬ ነገራት። ደረቱ ደካማ ነው፣ የሲሚንቶ አቧራ ውጦ የኖረ ደረት ነው፤ በየዓመቱ የብርድ ወር በገባ ቁጥር እያሳለ አልጋ ላይ ይከርማል። ያለው ደግሞ ክርኑ የተበሳ ሹራብ ብቻ ነው። በጋውን ሙሉ በላብ የታጠበለት ጃኬት በብርዱ ሊያሞቀው ነው። እትዬ እሱ ሳያያት ወደ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ወጥታ ደግሞ «ያን የበግ ፀጉር አልጋዬ ላይ ይዘህብኝ እንዳትወጣ» አለችው።

ደንበኛው ጃኬቱን ለመረከብ ወርክሾፕ ድረስ መጣ። ኦርጅናል የሚያከብራቸውን ደንበኞች ወደ ኋላ ያስገባቸዋል፤ ሱቃችን ዋናው መንገድ ላይ ነው፣ የቆዳው ሽታ ግን እዚህ ነው። ባለ መነጽር፣ እጁ ለስላሳ የሆነ ሰው ነው። ጃኬቱን ለብሶ መስታወት ፊት ቆመና ዓይኑን ጨፈነ። እኔ ከስፌት መኪናዬ ላይ ቀና ብዬ አየሁት፤ ግራ ትከሻው ላይ ቆዳው ወረድ ብሎ፣ ከአንገቱ ሥር ጎድጎድ ብሎ ተቀምጧል። የጋሼ ትከሻ ነው፣ ሌላ ሰው ላይ።

«ይሄ ዝቅ ያለው ነገር…» አለ ሰውየው ዓይኑን ሳይገልጥ።

ኦርጅናል ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የፓራሹቱ ማሰሪያ በግራ በኩል ነበር የሚጠብቀው። አብራሪዎቹ እንዲህ ነበር ትከሻቸው የሚሆነው። ይሄን የለበሰልን ሰው ራሱ የድሮ አብራሪ ነው።»

ክሩ ተበጠሰብኝ። ጎኔ የተቀመጠው ቆዳ ቆራጭ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ፤ እሱም እንደ እኔ ገና መስማቱ ነው። ለካስ ያ ሁሉ ሰው ለትከሻው ጨምሮ የሚከፍለው ይሄን እየተባለ ኖሯል!

«ይሰማኛል» አለ ደንበኛው። «አብሮኝ ያለ ያህል ይሰማኛል።»

ይሄኔ ነው ጋሼ ከግቢው የገባው፤ ሌላ ጃኬት ለብሶ፣ የመጥረጊያ እንጨቱን ይዞ። የተወራውን አልሰማም። በጋውን ሙሉ የደከመበት ጃኬት ሰው ላይ አምሮ ሲያይ ልቡ ቅቤ ጠጣ። ሻጭ ዕቃውን እንደሚያስረዳ ተጠጋና ጣቱን ጎድጓዳዋ ላይ አሳረፈ።

«ይቺን ብቻ አይጠራጠሯት ጌታዬ፤ ጥሩ ናት» አለ። «የሲሚንቶ ናት። የሽንኩርት ጆንያ እንዲህ አያደርግም፣ ይንከባለላል። የስኳር ደግሞ ጠርዙ ይወጋል። ሲሚንቶ ግን ከተቀመጠ ተቀመጠ ነው። ክንዱ የራቀው ደግሞ ጆንያውን አቅፎ ለመያዝ ነው። እንዲህ።» እያለ አሳየው።

ደንበኛው ዓይኑን ገለጠ። ጋሼን ከላይ እስከ ታች አየው።

«አብራሪ አልነበሩም?»

«እኔ?» ጋሼ ከት ብሎ ሳቀ። «ደረጃ ስወጣም ይዞርብኛል! ጫኝና አውራጅ ነኝ። ይሄ ሁሉ የሥራ ነው፣ አንድም የውሸት የለበትም።»

እሱ ዋጋውን ከፍ ያደረገ መስሎታል። እኔ ኦርጅናል ላይ አፍጥጬ ነበር፤ ፊቱ አመድ ሆነ። ደንበኛው ዚፑን ቀስ ብሎ ከፈተው፣ ጃኬቱን አወለቀና በሁለት ጣቱ ይዞ ጠረጴዛው ላይ ጣለው።

«የኩሊ ትከሻ ነው እንዴ የለበስኩት?» ብሎ መሃረብ አውጥቶ አንገቱን ጠረገ።

ወጣ። ቆዳው ያው ቆዳ ነው። ጎድጓዳዋ ያችው ናት፤ ዓይኑን ጨፍኖ የተደሰተባት። ከደቂቃ በፊት እና አሁን መካከል ጃኬቱ ላይ አንዲት ክር አልተነቃነቀችም። የተለወጠው የለባሹ ሥራ ብቻ ነው፤ በሌለ አብራሪ ላብ የኮራ ሰው ፊቱ የቆመን ሰው ላብ ተጸየፈ። እስከ ዛሬ ሳስበው እርር ድብን እላለሁ።

ኦርጅናል ጋሼ ላይ ዞረ። «ማን ጠየቀህ?»

«ጠየቁኝ እኮ፤ አብራሪ ነበሩ ወይ አሉኝ» አለ ጋሼ።

«ነገ አትምጣ። ትከሻው ቀጥ ያለ ሰው እናገኛለን።»

ጋሼ የለበሰውን አውልቆ፣ እጅጌዎቹን አስተካክሎ፣ መስቀያው ላይ ሰቀለው። ቤት ስንደርስ ለእትዬ ሁሉንም ነገርኳት። እሷ ስትጮህ፣ እኔ ስጮህ፣ እሱ በርጩማው ላይ ቁጭ ብሎ ሲያስብ ቆየና፣ «ሲሚንቶ ምን በደላቸው?» አለ። እውነቱን ነው የጠየቀው፤ አልገባውም።

ከዚያ ወዲያ የቀረን ያ ቃል የተገባለት ጃኬት ነው። ጋሼ ራሱ አይጠይቅም፤ እትዬ እኔን ላከችኝ። «ደንበኛው የጣለውን ስጡት» አልኩት ኦርጅናልን፣ «ለሌላ ለማንም አይሆንም፤ ለእሱ ግን ልኩ ነው።»

«ይስተካከላል» አለኝ። «ቆዳ ነው፣ ውኃ ያስተካክለዋል።»

የማስተካከሉንም ሥራ ለእኔ ሰጠኝ። ለብ ባለ ውኃ ነከርነው፣ ትከሻው ቀጥ ላለ የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት አለበስነው፣ ጎድጓዳዋን ከውስጥ ጨርቅ ጠቀጠቅንባት፣ እስኪደርቅ ተውነው። ሲደርቅ ቀጥ አለ። ኦርጅናል እጁን አፋተገ። መስቀያ ላይ በሰቀልነው ሳምንት ሳይሞላ ግን ግራ ትከሻው ተመልሶ ወረደ። እንደገና ነከርነው፣ እንደገና ጠቀጠቅነው። እንደገና ወረደ። ቆዳ ቆራጩ «ይሄ ጃኬት የሠራተኛ ማኅበር ገብቷል» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን። እኔ በሆዴ ጨፈርኩ። ከእንግዲህ ምን ያደርገዋል? ለእትዬ «ቆዳው እምቢ ብሏል፤ ሳይወድ በግዱ ይሰጠናል» አልኳት። እሷም በዚያው ቀን ከበሩ ጀርባ ሚስማር መታች። ከበድ ያለ ሚስማር፣ የጃኬቱን ክብደት የሚችል።

ብርዱ ገባ። ጋሼ ሳል ጀመረው። አንድ ጠዋት ጃኬቱ ወርክሾፕ ውስጥ ከነበረበት ጠፋ። ኦርጅናልን ስጠይቀው «ጉዳዩ አልቋል» አለኝ። ለእትዬ ለመንገር አፌ አልደፈረም፤ ምናልባት ሊልክለት ይሆናል ብዬ ራሴን አባበልኩ።

በዕረፍት ቀኔ ጋሼን ሐኪም ቤት ወሰድነው። ስንመለስ በዋናው መንገድ ነበር። ወገቡ ስለማያስኬደው ከኋላ ቀስ እያለ ይከተለናል፤ እኔና እትዬ እያወራን ቀደም ብለናል። እትዬ ድንገት ቆመች።

«አንተ! መቼ አለፍከን? ደግሞ እዚያ ምን ይገትርሃል?» ብላ ጮኸች።

ወደምታይበት አየሁ። በሱቃችን መስታወት ውስጥ፣ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ፣ ግራ ትከሻው ዝቅ፣ ክንዱ ራቅ፣ አንገቱ ቀደም ያለ ሰው ቆሟል። ከኋላችን ሳል ሰማን። ዞር ስንል ጋሼ ክርኑ የተበሳ ሹራቡን ለብሶ፣ እጆቹን ብብቱ ሥር ወሽቆ እየመጣ ነው። እትዬ አንዴ እሱን፣ አንዴ መስታወቱን አየች። አሻንጉሊቱ ራስ እንደሌለው ያኔ ነው ያስተዋለችው።

ጃኬቱ ሥር ካርቶን ቆሟል። «የአብራሪ ትከሻ፤ በፓራሹት ማሰሪያ የረገበ» ይላል። ከሥሩ ዋጋው ተጽፏል። ያ ደንበኛ ሊከፍል ከነበረው ይበልጣል።

ልይዛት ሳልችል ገባች። ቀጥ ብላ ሄዳ እጇን ትከሻው ላይ፣ ጎድጓዳዋ ውስጥ አሳረፈች። መዳፏ ልክክ አለ። ሻጯ ልጅ ተንደርድራ መጣች።

«እናቴ፣ እባክዎ አይንኩት፣ ውድ ዕቃ ነው።»

«ውድነቱን ለእኔ ነው የምትነግሪኝ?» አለች እትዬ። «ዕድሜዬን ሙሉ በቅባት ሳሸው የኖርኩት ትከሻ ነው! ባሌ ነው በጋውን ሙሉ ውኃ ውኃ እያለ የለበሰው!»

ኦርጅናል ከውስጥ ወጣ። እኔን ሲያይ ነገሩ ገባው። «ሴትዮዋን አስወጫቸው» አለኝ በጥርሱ መሃል። ዋጋውን ሲያነብ የነበረ አንድ ወጣት ገዢ «ምንድን ነው የሚሉት? አብራሪ አይደለም እንዴ የለበሰው?» ብሎ ጠየቀ።

«አይደለም» አልኩ። «ጫኝና አውራጅ ነው። ብርድ ሳይገባ ይሄ ያንተ ነው ተብሎ ቃል ተገብቶለት ነበር። ማየት ከፈለጉ እዚያ ቆሟል፣ ብርድ ላይ።»

ገዢው ዞሮ በመስታወቱ አየ። ጋሼ ደርሶ፣ እኛን ፍለጋ ግንባሩን መስታወቱ ላይ አስጠግቷል። ሲያየን ፈገግ ብሎ እጁን አወዛወዘ። ያው ትከሻ፣ ያው ክንድ፣ በተበሳ ሹራብ። ገዢው ጋሼን አየ፣ ጃኬቱን አየ፣ እንደገና ጋሼን አየ። እኔ ሞኟ አሁንስ ያፍራል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ወደ ሻጯ ዞረና፣

«ትከሻው ቀጥ ያለ የላችሁም?» አላት።

እትዬን ክንዷን ይዤ አወጣኋት። ጋሼ ካርቶኑን ማንበብ አልቻለም፤ ዓይኑ የቅርቡን አያነብለትም። «ስንት ሰቀሉት?» አለ።

እትዬ ነገረችው።

ጃኬቱን በመስታወቱ ውስጥ ብዙ ጊዜ አየው። እኔ ያችን «ያወጣል» የሚላትን ቃሉን ጠበቅኩ፤ አንድ ጊዜ እንኳ እንዲላት፣ ልንጨቃጨቅባት። አላላትም። ሹራቡን እስከ አንገቱ ሳበና፣ በርዶት እንኳ በርዶኛል ብሎ የማያውቅ ሰው፣

«እንሂድ፣ በረደኝ» አለ።